የዋተርሉን ወታደሮችና ሜዳ ከየት ልጀምር?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አንባቢያችን የዋተርሉን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ ለመጫወት እየተዘጋጀ ነው። 200 ገደማ ባለ 28 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ እግረኛ ወታደሮች አሉት፤ ግማሹ እንግሊዝ፣ ግማሹ ፈረንሳይ። በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ብቻ ጨርሷል። ዓይናቸውንና የኮታቸውን ቁልፍ ሳይቀር ቀብቷል። እጁ ላይ ሲያያቸው ያምራሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲደረድራቸው ግን ይጠቁሩና አንዱ ካንዱ አይለይም። ሜዳውን የሠራው አረንጓዴ ከቀባው ፎም ነው፤ «የኳስ ሜዳ መሰለብኝ» ይላል። የቱ ጋ ተሳሳትኩ፣ በምን ቅደም ተከተል ልቀጥል፣ ስድስቱንስ አጥቤ እንደገና ልቀባቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አታጥባቸው። 28 ሚሊ ሜትር ላይ ዓይንና ቁልፍ የቀባ እጅ ምንም አልጎደለውም። ያልታሰበበት ነገር ርቀቱ ነው። ስድስቱን እጅህ ላይ ሆነው እንዲታዩ ቀባሃቸው፤ የሚኖሩት ግን ጠረጴዛ ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። ባለ 28 ሚሊ ሜትር ወታደር ከእውነተኛው ሰው 56 ጊዜ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወታደር ከአንድ ሜትር ርቀት ስታየው፣ እውነተኛውን ሰው ከ56 ሜትር ላይ እንዳየኸው ቁጠረው። ውጭ ወጥተህ ሰባ፣ ሰማንያ እርምጃ ያህል የራቀ ሰው ተመልከት። ዓይኑ አይታይህም። የሸሚዙ ቁልፍም አይታይም። የሚታይህ የልብሱ ቀለም፣ ከኮፍያው ጥላ ሥር ያለ ፊት፣ የትከሻው ቅርጽ፣ ምናልባት የቦርሳው ማንገቻ ነው። የጨዋታ ወታደር ሲቀባ መጉላት ያለበት ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ጊዜ ይበላል እንጂ ጠረጴዛው ላይ አይደርስም።

ጠቁረው የታዩህም ለዚሁ ነው። የፈረንሳይ እግረኛ ኮት በእውነትም ጥቁር ሊመስል የሚቃጣው ሰማያዊ ነበር። ያንን ቀለም ከነጥልቀቱ ትንሽ ወታደር ላይ ካሳረፍከው፣ ከአንድ ሜትር ላይ ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ከእውነተኛው አንድ ደረጃ በሚፈካ ሰማያዊ ጀምር። ጥቁር የሚባለውንም ሁሉ በጥቁር ቀለም አትቀባው፤ ጥቁር ግራጫ ይበቃዋል። ነጭን ደግሞ ቆጥብ። መሠረቱን ፈካ ያለ ግራጫ አድርገህ ንጹሕ ነጩን ጠርዝ ላይ ብቻ ካሳረፍክ ነጩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ቦታ ነጭ ከሆነ የኖራ ግድግዳ ይመስላል።

ሁለተኛው ነገር ድንበር ነው። ቀይ ኮት ላይ ነጭ ጠፍር፣ ጥቁር ቦርሳ አጠገብ ግራጫ ሱሪ፤ በእነዚህ መሃል ቀጭን ጥቁር መስመር ከሌለ ዓይን አይለያቸውም። በቁመተ ሙሉ ሰው ላይ ይህን ሥራ ፀሐይ ትሠራዋለች፤ በክንዱና በጎኑ መካከል ጥላ ትጥላለች። ትንሹ ወታደር ላይ ግን የክፍል መብራት የሚጥለው ጥላ ከሩቅ አይታይም። ጥላውን መቀባት አለብህ።

ከፕራይመሩ፣ ማለትም ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ ከሚነፋው የመሠረት ቀለም እንጀምር። ከዚያ በፊት ግን ገና ያልተቀቡትን ወታደሮች በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠባቸው። ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ካለባቸው ቀለሙን አያስይዝም። ቅርጽ ማውጫው የተጋጠመበትን ስስ መስመር በቢላ ጀርባ ፋቀው፤ ኋላ ጥላ ቀለም ስትቀባ ይኸው መስመር አጉልቶ ያሳጣሃል። ስፕሬዩን ከ20 እስከ 30 ሳንቲም ሜትር ርቀህ፣ አየር ባለበት ቦታ፣ አፍህን ሸፍነህ፣ አጫጭር ምት እያደረግህ ንፋ። እርጥበት በበዛበት ወይም በጣም በሚያቃጥል ቀን አትንፋ። ቀለሙ አየር ላይ እያለ ይደርቅና ወታደሩ ላይ እንደ አሸዋ ያርፋል። ያ ከሆነ ከላዩ የሚቀባ ምንም ነገር አያድነውም።

በምን ቀለም? እኔ የምመክርህ መጀመሪያ ሁሉንም ጥቁር፣ ከደረቀ በኋላ ከአናታቸው አቅጣጫ ብቻ ስስ ነጭ መንፋት ነው። ነጩ ትከሻ፣ የቆብ አናት፣ የክንድ ላይኛው ክፍል ላይ ያርፋል፤ ብብትና የኮት ሥር ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀለም ሳትቀባ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ታያለህ። ከዚያ በላይ የምትቀባውን ቀለም ቀጠን ካደረግኸው ይህ ጥላ ከሥር ያሳልፋል፤ የግማሹን ሥራ ሠርቶ ይጠብቅሃል።

ቀለምህ አክሪሊክ ከሆነ በውሃ አቅጥነው፤ ወተት እስኪመስል። ወፍራም አንድ እጅ ከመቀባት ቀጭን ሁለት እጅ ይሻላል። ብሩሽን በተመለከተ ሰው የሚሳሳተው ትንሹን ሲመርጥ ነው። ጫፉ የሾለ ቁጥር 1 ወይም 2 ብሩሽ ከጸጉር ከቀጠነ ብሩሽ ይልቅ ንጹሕ መስመር ያወጣል፤ ቀለም ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም። ቀለሙ ጸጉሩን እስከያዘው ብረት ድረስ እንዳይገባ ተጠንቀቅ። እዚያ ከደረቀ ጫፉ ይበተናል። ብርና ነሐስ ለሚመስሉ ቀለሞች ሌላ ብሩሽ ይኑርህ፤ ብልጭልጩ ሌላው ቀለም ውስጥ ከገባ አይወጣም።

አሁን ዋናው ነገር፦ አንድ ወታደር አትቀባ። አሥራ ሁለቱን አንድ ረጅም የእንጨት ቁራጭ ላይ በትንሽ ኮላ ደርድርና በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ ይዘህ ከግራ ወደ ቀኝ ሂድ። መጨረሻው ጋ ስትደርስ የመጀመሪያው ደርቋል። ስለ ሁለተኛው ኮት ማሰብ አይጠበቅብህም፤ እጅህ ቦታውን ለምዶታል። ቅደም ተከተሉ ሰው እንደሚለብሰው ይሁን። መጀመሪያ ቆዳ፣ ከዚያ ሱሪ፣ ከዚያ ኮት፣ ከዚያ ጠፍርና ቦርሳ፣ በመጨረሻ ጠመንጃ። ከውስጥ ወደ ውጭ ከሄድክ የሳትከውን መስመር ቀጣዩ ልብስ ይሸፍነዋል።

አንዱን እንግሊዛዊ ተራ ወታደር ቀረብ ብለን እንየው። ኮቱ ቀይ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ቀይ? የተራው ወታደር ሱፍ የሚነከረው ማደር ከሚባል ተክል ሥር በሚገኝ ቀለም ነበር። ይህ ቀይ ወደ ጡብ የሚያደላ፣ ፀሐይና ዝናብ ሲበዛበትም የሚደበዝዝ ነው። የመኮንኖቹ ግን ኮቺኒል ከምትባል ነፍሳት የሚወጣው ውዱና ደማቁ ቀይ ነበር። ይህን ሠራዊትህ ላይ ተጠቀምበት። ተራዎቹን የጡብ ቀይ፣ መኮንኑን ደማቅ ቀይ አድርገው። ጽሑፍ ሳታነብ፣ ምልክት ሳታይ፣ መሪው ማን እንደሆነ ከጠረጴዛው ማዶ ይታወቃል። የታሪክ እውነትና የጨዋታ ጥቅም እንዲህ ሲገጥሙ እኔ በጣም ደስ ይለኛል።

ሱሪው ግራጫ ነው። ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ እንደ ሬጅመንቱ ይለያያል፤ የንጉሡ ዘብ ጥቁር ሰማያዊ፣ 92ኛው ስኮትላንዳዊ ሬጅመንት ቢጫ፣ 33ኛው ቀይ። 95ኛው የአልሞ ተኳሾች ሬጅመንት ደግሞ ቀይ ጭራሽ የለበትም፤ ጥቁር አረንጓዴ ኮት፣ ጥቁር ኮሌታ፣ ጥቁር ጠፍር ነው። የጀርባ ቦርሳው ጥቁር የተቀባ ሸራ ነው። የውሃ ኮዳው እንጨት ሆኖ ውሃ ሰማያዊ የተቀባ ነው። ይህች ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ከኋላ ስትታይ ለረድፉ ሕይወት ትሰጠዋለች፤ አትዝለላት።

ደረቱ ላይ የሚጣመሩት ሁለቱ ነጭ ጠፍሮች ሰው የሚማረርባቸው ናቸው። መንገዱ ይህ ነው። ቀዩ ከደረቀ በኋላ ጠፍሩ የሚያልፍበትን ቦታ በጥቁር ቡናማ፣ ከጠፍሩ ትንሽ ሰፋ አድርገህ አስምር። በላዩ ግራጫ፣ ቡናማው በሁለቱም ጠርዝ ጸጉር ታህል እንዲታይ ትተህ። ከዚያ ነጩን ትከሻው ጋና ሁለቱ የሚጣመሩበት ቦታ ላይ ብቻ። መጨረሻ መጋጠሚያው ላይ አንዲት የነሐስ ነጥብ። ከአንድ ሜትር ላይ ያቺ ጸጉር የምታህል ቡናማ መስመር ራሷ አትታይም። እሷ ከሌለች ግን ነጩ ከቀዩ ጋር ተደባልቆ ሮዝ ይመስላል።

ፊት ላይ ዓይን አትቀባ። ነጭ የዓይን ነጥብ ከሩቅ ሲታይ ሰውየው የደነገጠ ያስመስለዋል። ቆዳውን ቀብተህ ዎሽ የሚባለውን ቀጭን ቡናማ ጥላ ቀለም አፍስስበት፤ ቅንድብ ሥር፣ አፍንጫ ጎን፣ አገጭ ሥር ይገባል። ሲደርቅ አፍንጫውን፣ ጉንጩንና አገጩን በፈካ ቆዳ ቀለም ንካ። በቃ። ይኸው ዎሽ ልብሱም ላይ ይሠራል፤ ግን ጎድጓዳው ውስጥ ብቻ እንዲቀር ከደረትና ከትከሻ ላይ በእርጥብ ብሩሽ ጥረገው።

የዓይንና የቁልፍ ፍቅርህን አልነጥቅህም። ለመኮንኑ፣ ለባንዲራ ያዡ፣ ለከበሮ መቺው አውለው። ተመልካች ሰልፍ ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። እነሱ በደንብ ከተሠሩ ሌላውም እንዲሁ የተሠራ ይመስላል። እነዚያን ስድስቱንም እንዲህ አስተካክላቸው። ጎድጓዳውን በዎሽ አጥቁር፣ ትከሻና የቆብ አናት ላይ ፈካ ያለ ቀለም ጨምር፣ ከዚያ የፊተኛው ረድፍ ላይ አስገባቸው።

ፈረንሳዮቹ ጋ አንድ ነፃነት አለህ። ሥዕሎቹ ላይ የምታያቸው ነጭ ሱሪና ባለ ነጭ ደረት ሰማያዊ ኮት የደንብ ልብስ ናቸው። በእለቱ ግን ብዙዎቹ ካፖርት ደርበው ነበር የተዋጉት። ካፖርቱም አንድ ቀለም አልነበረም፤ ግራጫ፣ ዳለቻ፣ ቡናማ። ሦስት አራት ዓይነት ቡናማና ግራጫ አዘጋጅተህ በዘፈቀደ አዳርሳቸው። ቶሎ ያልቃሉ፣ ከእንግሊዞቹ ቀይም በደንብ ይለያሉ። የጀርባ ቦርሳቸው ጸጉሩ ያልተላጨ የጥጃ ቆዳ ነው፤ አንዱን ቀይ ቡናማ፣ አንዱን ጠቆር ያለ፣ አንዱን ነጭ ጣል ያለበት ልታደርገው ትችላለህ። የሻኮ ቆባቸውንም ብዙዎቹ በጥቁር ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ሸፍነውት ነበር። ወርቅማ ጌጡን ሁሉ መቀባት ቀረልህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሜዳው። ምክሬ ትንሽ ግር ይልህ ይሆናል፤ ተጨማሪ አንድ ወታደር እንኳ ከመቀባትህ በፊት የመሬቱን ቀለም ወስን። የምትቀላቅለውን ቡናማ በትልቅ ዕቃ፣ ለጠረጴዛውም ለወታደሮቹ ማቆሚያም እንዲበቃ አድርገህ አዘጋጀው፤ የቀላቀልክበትን መጠን ጻፈው። ማቆሚያው ከጠረጴዛው ጋር አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ሳር ካለው ወታደሩ መሬቱ ላይ ይቆማል። ከተለያየ ግን ምንም ያህል ብትቀባው ሳህን ላይ የተቀመጠ ዕቃ ይመስላል።

የዋተርሉ አፈር ደግሞ ጭቃ ነው። ጦርነቱ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1815 ነው። ከዋዜማው ከሰዓት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ዘነበ። ሠራዊቱ ውጭ አደረ። ስለዚህ መሬቱ ጥቁር ቡናማና እርጥብ ይሁን። አሸዋን በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፍ፣ ጥቁር ቡናማ ቀባ፣ ሲደርቅ ብሩሽህ ላይ ያለውን ቀለም ጨርቅ ላይ ጠርገህ ባለቀ ብሩሽ ፈካ ባለ ቡናማ አናት አናቱን ዳብስ። ጋሪና ፈረስ በሚያልፍባቸው መንገዶች ላይ ኩሬ ለመሥራት አንጸባራቂ ቫርኒሽ (ሲደርቅ የሚጠነክር ቀለም አልባ ሽፋን) ጠብ አድርግ። ያንኑ የአፈር ቀለም የወታደሮቹ ሱሪ ላይ ከጉልበት በታች በደረቅ ብሩሽ ንካ። ያደሩበት ጭቃ እግራቸው ላይ ሲታይ ወታደሩና ሜዳው የአንድ ቀን ነገር ይሆናሉ። እንከን የለሽ ነጭ ሱሪ ለዚያ ጠዋት አይሆንም።

ኳስ ሜዳ የመሰለብህ ሳሩ ሁሉን ስለሸፈነ ነው። ቦታው የእርሻ መሬት ነበር። ራይ የሚባል ረጅም እህል በብዙ ቦታ ሰው የሚያህል ቆሞ ነበር፤ ፈረስና እግረኛ እየረጋገጡት ተኛ። ይህን ለመሥራት ከኮኮነት ጭረት የተሠራ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ የሚያህል የለም። ቁመቱን 25 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርገው፤ በልኬታችን 1 ሜትር ከ40 ይሆናል። ቢጫ ብቻ አታድርገው፤ ወሩ ሰኔ ነው፣ አረንጓዴ ጣል ይበልበት። በተለያየ መጠን ቆራርጠህ የሚነሳ አድርገው፤ ሻለቃው ሲገባበት አንዱን ቁራጭ አንስተህ የተረገጠ እህል ያለበት ቁራጭ ትተካለህ። ሳር የምትለጥፍበት ቦታ ካለ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃል። 6 ሚሊ ሜትሩ በእውነተኛው ልክ ከ30 ሳንቲም ሜትር ያልፋል፤ ለወታደሮችህ ወደ ጉልበታቸው ይጠጋል።

ከሁሉም በላይ ግን ተረተሩን በትክክል ሥራ። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ዌሊንግተን ብዙ ሠራዊቱን ያቆመው ከተረተሩ ጀርባ፣ ከፈረንሳይ መድፍ ዓይን ውጭ ነው። ጠረጴዛህ ላይ ጀርባ ያለው ተረተር ከሌለ ጨዋታው ሌላ ጦርነት ይሆናል። እዚህ ላይ የዛሬ ፎቶግራፍ ያሳስትሃል። ፎቶው ላይ የምታየው ትልቁ ባለ አንበሳ ጉብታ ያለቀው በ1826 ነው፤ አፈሩም የተቆፈረው ከዚያው ከጦር ሜዳው ስለሆነ የተረተሩ ቅርጽ ተለውጧል። ስለዚህ ጉብታውን አታስገባ፣ ተረተሩንም ዛሬ ከሚታየው ከፍ አድርገው። በተቃራኒው ዛሬ የሌለ አንድ ዛፍ አስገባ። ዌሊንግተን አጠገቡ ይቆም የነበረው ኤልም ዛፍ መስቀለኛ መንገዱ ጋ ነበር፤ በ1818 ተቆረጠ። ዊልያም ሲቦርን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1830 እዚያው ላ ሃይ ሳንት ገበሬ ቤት ተቀምጦ ሜዳውን ለወራት ለክቶ የሠራው ትልቅ ሞዴል ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይታያል። የሞዴሉን ፎቶዎች ፈልገህ እህሉና አጥሩ የት የት እንደነበረ ተመልከት፤ ከማንኛውም ካርታ በላይ ይረዳሃል።

ስፋቱን በልኬት ልሥራው ብለህ አትድከም። በ28 ሚሊ ሜትር ልክ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ 18 ሜትር ጠረጴዛ ይፈልጋል። መሬቱን ማጠፍ ግድ ነው። ላ ሃይ ሳንትን አንድ ቤት፣ አንድ በርና ቁራጭ አጥር ይወክለው። ቤቱንም ከወታደሮቹ ልክ ትንሽ አሳንሰው፤ ዓይን ይቀበለዋል፣ ቦታም ይተርፍሃል። ይህን ገበሬ ቤት የያዙት በእንግሊዝ ሠራዊት ሥር የነበሩ ጀርመኖች ናቸው፤ ልብሳቸው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ቀዮቹን አታስገባበት።

ለተረተሩ የሚፈረፈረውን ነጭ ፎም ተወው፤ ጠጣሩን ተጠቀም። አንድ ሳንቲም ሜትር ከፍታ በወጣ ቁጥር ወደ ጎን ስምንት፣ አሥር ሳንቲም ሜትር ያህል ይዘርጋ። ከዚያ ይልቅ ቀጥ ካለ ወታደሮቹ ይንሸራተታሉ። ስፕሬይ ቀለም ፎምን ያቀልጠዋል፤ መጀመሪያ በነጭ ኮላና በአክሪሊክ ቀለም ቅልቅል በደንብ ሸፍነው። በጋለ ሽቦ ከቆረጥክ መስኮት ክፈት፣ ጢሱን አትተንፍሰው።

ሲያልቅ ቫርኒሽ የግድ ነው፤ እነዚህ ወታደሮች በእጅ ይነሳሉ። አንድ እጅ አንጸባራቂ ለጥንካሬ፣ በላዩ አንድ እጅ የማያንጸባርቅ ለመልክ። የማያንጸባርቀው ስፕሬይ በእርጥበት ቀን ነጭ አቧራ የለበሰ ያስመስላቸዋልና መጀመሪያ አንድ ወታደር ላይ ሞክር። ኩሬዎቹን የምታንጸባርቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ባንዲራውን መጨረሻ ላይ አድርገው። የእንግሊዝ ሻለቃ ሁለት ባንዲራ ይይዛል። አንዱ የንጉሡ ሲሆን ሙሉ የዩኒየን ባንዲራ፣ ማለትም የብሪታንያ ብሔራዊ ባንዲራ ነው። ሁለተኛው የሬጅመንቱ ነው፤ ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ የኮሌታቸው ቀለም ሆኖ የዩኒየኑ ምልክት ጥጉ ላይ ይሆናል። ስፋታቸው ወደ ሁለት ሜትር ይደርስ ነበር፤ በአንተ ልክ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰው ሁሉ ያሳንሰዋል፤ አንተ አታሳንሰው። ፈረንሳዮቹ ንስር ያለበትን ባንዲራ ለሬጅመንቱ አንድ ብቻ፣ በመጀመሪያው ሻለቃ ነው የሚይዙት፤ ለሁለተኛው ሻለቃ ንስር አትስጠው። በወረቀት ከሠራኸው ኮላው እርጥብ እያለ በብሩሽ እጀታ ላይ ጠምዝዘህ እጥፋት አውጣለት። ሲደርቅ ነጭ ሆኖ የሚታየውን የወረቀቱን ጠርዝ ባንዲራው በሆነው ቀለም ቀባው።